መልሱን በምን እንመዝነዋለን?

የአሜሪካ የቪዛ ዕጣ የሆነው ዲቪ የሚሞላበት ወቅት ሲደርስ በአማርኛ የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ ከማይቀሩት ጥያቄዎች አንዱ «ለመሙላት ፓስፖርት ግዴታ ነው ወይ?» የሚለው ነው። መልሱ ለመምጣት ጊዜ አይፈጅም። አንዱ «አዎ፣ ያለ ፓስፖርት ሲስተሙ አይቀበልም» ይላል። ሌላው «ማን ነው ያለሽ? እኔ ያለ ፓስፖርት ሞልቼ ነው አሜሪካ የገባሁት» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው «በውስጥ አናግሪኝ» ይላል፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው ነገር አለው። ጠያቂዋ ሦስቱን መልሶች ይዛ ትቀመጣለች። እዚህ ላይ ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ወይ ድምፅ ይቆጥራል፣ ወይ በልበ ሙሉነት የተናገረውን ያምናል፣ ወይም ደስ የሚለውን መልስ ይመርጣል። ከሦስቱ መንገዶች አንዱም መልሱ እውነት መሆን አለመሆኑን አይነግራትም።

የሚገርመው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መላሾች እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ስቴት ዲፓርትመንት በጁን 2019 ባወጣው ደንብ ዋናው አመልካች ገና ሲሞላ የፓስፖርት ቁጥሩን እንዲያስገባ አዘዘ፤ የተሰጠው ምክንያት በሰው ስም እየሞሉ የሚነግዱትን መቀነስ ነበር። ስለዚህ ለዲቪ 2021፣ ለዲቪ 2022 እና ለዲቪ 2023 የሞላ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ፓስፖርት ያስፈልገው ነበር። በፌብሩዋሪ 2022 ዋሽንግተን ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረውና ለዲቪ 2024 የሞላው ሰው አልተጠየቀም። ከ2019 በፊት የሞላውም አልተጠየቀም። በዚህ ላይ የእኛ የዘመን አቆጣጠር ሲጨመር ነገሩ ይበልጥ ይጠላለፋል። አንድ ሰው «የ2012ቱን ስሞላ ፓስፖርት ጠይቆኛል» ብሎ ቢጽፍ የትኛውን 2012 ማለቱ ነው? በእኛ 2012 ዓ.ም. ጥቅምት ከሆነ የተሞላው ዲቪ 2021 ነው፤ ፓስፖርት ግዴታ ነበር። በፈረንጆቹ 2012 ከሆነ የተሞላው ዲቪ 2014 ነው፤ ግዴታ አልነበረም። «ዲቪ 2012» ራሱ ከሆነ ደግሞ የተሞላው በ2010 ነው፤ ያኔም ግዴታ አልነበረም። አንድ ቁጥር፣ ሦስት ዓመት፣ ሁለት ተቃራኒ መልስ፤ የዋሸም ሰው የለም። (ለዚህ ስል በዚህ ምዕራፍ «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናገራለሁ።)

ይህን የምጠቅሰው ዲቪን ለማስተማር አይደለም፤ ደንቡ ስለሚለዋወጥ ይህን ምዕራፍ ይዞ ዲቪ የሚሞላ ሰው ምዕራፉን አልተረዳውም ማለት ነው። የምጠቅሰው አንድ ክርክር ለማቅረብ ነው። ሰው ብዙ ሰው ወዳለበት ጥያቄ ይዞ ከመሄዱ በፊት ራሱ ማንበብና መፈለግ አለበት ሲባል፣ ዘወትር የሚሰጠው ምክንያት ጨዋነት ነው፤ የሰው ጊዜ አታባክን፣ የተመለሰ ጥያቄ አትደጋግም። እኔ ግን ከዚያ የሚበልጥ ምክንያት አለ ባይ ነኝ። ያላነበበ ሰው የሚሰጠውን መልስ መመዘን አይችልም። ትክክለኛው መልስ ቢሰጠውም እንኳ ትክክለኛ መሆኑን ስለማያውቅ፣ ከተሳሳተው ጎን አስቀምጦ በዕድል ይመርጣል። ቅድመ ምርመራ ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው ጠያቂውን ራሱን ነው።

የጨዋነቱ ክርክር ከየት እንደመጣ ማየት ጥሩ ነው፤ ታሪክ አለው። ድረ ገጽ የሚባል ነገር ከመፈጠሩ ከአሥር ዓመት በፊት፣ በ1979 በአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የታሰበ ዩዝኔት የሚባል የመወያያ መረብ ነበር። ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲና የምርምር ተቋም ሰዎች ነበሩ። በየዓመቱ ሴፕቴምበር ሲመጣ አዲስ ተማሪዎች መረቡን ይቀላቀላሉ፤ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ይጠይቃሉ፤ ነባሮቹም እንደገና ይመልሳሉ። የሰለቹት ሰዎች «ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች» የሚል ሰነድ እያዘጋጁ በየጊዜው ማውጣት ጀመሩ፤ ዛሬ በየባንኩና በየዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ የምናየው ዝርዝር የተስፋፋው ከዚያ ነው። ከ1993 ወዲህ የንግድ የኢንተርኔት ድርጅቶች ለደንበኞቻቸው መረቡን ሲከፍቱ ግን አዲስ ሰው የሚመጣው በየዓመቱ መሆኑ ቀርቶ በየቀኑ ሆነ። ነባሮቹ ያንን ዘመን «የማያልቀው ሴፕቴምበር» ብለው ጠሩት። በ2001 ኤሪክ ሬይመንድ የተባለው ፕሮግራመር ስለ ጥያቄ አጠያየቅ የጻፈው ረጅም ጽሑፍ፣ በ2008 የተከፈተው ስታክ ኦቨርፍሎውም ጥያቄን ዝቅ ለማድረግ በሚያገለግለው ቀስት ላይ «ይህ ጥያቄ የፍለጋ ጥረት አያሳይም» የሚል ማብራሪያ ማኖሩ፣ የዚያው ድካም ልጆች ናቸው።

ድካሙ እውነተኛ ነው፤ ክርክሩም ልክ ነው። ነገር ግን ደካማ ክርክር ነው፤ ምክንያቱም የቆመው በመላሹ ድካም ላይ ነው። መላሹ የማይደክም ቢሆንስ? ዛሬ እንደ ቻትጂፒቲ ያለ መሣሪያ አንድ ጥያቄ መቶ ጊዜ ቢጠየቅ መቶ ጊዜ ይመልሳል፤ አይቆጣም፣ «ፈልግ» አይልም፣ ማታና ቀን አይለይም። የጨዋነቱ ምክንያት ብቻውን ከሆነ ከእንግዲህ ማንም ሰው ከመጠየቁ በፊት እንዲያነብ የሚያስገድደው ነገር የለም። ግን ያችው ጠያቂ ያንኑ የፓስፖርት ጥያቄ ለማሽኑ ብታቀርብ የሚደርስባት ችግር ያው ነው። ማሽኑ የተማረው የ2019ንም የ2022ንም ጽሑፍ ነው፤ የትኛውን ጊዜ ይዞ እንደሚመልስላት እሷ አታውቅም፤ የሚመልስበት ድምፅ ደግሞ ከግሩፑ ሁሉ በላይ የረጋና ልበ ሙሉ ነው። መላሹ ተለወጠ እንጂ ሚዛኑ ያው ጎደለ። የዘንድሮውን መመሪያ ለግማሽ ሰዓት ያነበበች ሴት ግን ግሩፑም ማሽኑም የሚሏትን በአንድ ዓይን ታያለች፤ ከጽሑፉ ጋር ይስማማል ወይስ አይስማማም?

ማንበብ ለጠያቂ የሚሰጠው ይህን ብቻ አይደለም፤ ጥያቄውንም ይለውጠዋል። ይህን ቀረብ ብለን እንየው። «10ኛ ክፍል ለጨረሰ ዲቪ ይሆናል ወይ? የምታውቁ ንገሩኝ» የሚል ጥያቄ ብዙ ይታያል። መልሱ እንደተለመደው «ይሆናል» እና «አይሆንም» ነው። ያው ሰው መመሪያውን ካነበበ በኋላ ቢጠይቅ ግን ጥያቄው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «መመሪያው የ12 ዓመት የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት፣ ወይም ደግሞ ቢያንስ 2 ዓመት ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይላል። እኔ በድሮው ሥርዓት ከ10ኛ ክፍል በኋላ በቴክኒክና ሙያ 10+2 በኤሌክትሪክ ተመርቄ 4 ዓመት ሠርቻለሁ። በሥራ ልምድ በኩል ቀርቦ አዲስ አበባ ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ያደረገ ሰው አለ? በየትኛው ዓመት? ምን ማስረጃ ተጠየቀ?» ሁለተኛውን ጥያቄ «ይሆናል» ብሎ መመለስ አይቻልም። የማያውቅ ሰው ገና ሲያነበው ዝም ይላል፤ ቃለ መጠይቁን ያለፈ ሰው ደግሞ ምን እንደሚናገር ወዲያው ያውቃል። መመሪያው ያልያዘውን፣ ከሰው በቀር የትም የማይገኘውን ነገር ነው የጠየቀው። ሰው መጠየቅ ያለበትም ይህን ነው፤ በጽሑፍ ላይ ያለውን ከጽሑፍ፣ ጽሑፍ ላይ የሌለውን ከሰው።

የሶፍትዌር ሰዎች ይህን ቀድመው ደርሰውበታል። ፑቲ የሚባለውን ታዋቂ ፕሮግራም የሠራው እንግሊዛዊ ሳይመን ታታም በ1999 ስለ ብልሽት አዘጋገብ በጻፈው ጽሑፍ ዋና ምክሩ ቀላል ነበር፤ «አይሠራም» አትበሉ፤ ምን እንዳደረጋችሁ፣ ምን እንደጠበቃችሁ፣ በፈንታው ምን እንደሆነ ንገሩን። በተግባር ሲታይ እነዚህን ሦስት ነገሮች ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው ብዙ ጊዜ ጽሑፉን አይጨርስም፤ ሲጽፍ ስህተቱን ያገኘዋል። ፕሮግራመሮች ጠረጴዛቸው ላይ የጎማ ዳክዬ አስቀምጠው ችግራቸውን ለእሷ ያስረዳሉ የሚባለው ቀልድ፣ በ1999 በወጣ አንድ የሙያ መጽሐፍ የታወቀው፣ ከዚሁ የመጣ ነው። ዳክዬዋ ምንም አትመልስም። የሠራው ማስረዳቱ ነው።

«ይህ የፈረንጅ ቴክኒሻኖች ሥርዓት ነው፤ እኛ በአፍ ተጠያይቀን የኖርን ሕዝብ ነን» የሚል ሰው አይጠፋም። እዚህ ላይ ወደ ቅኔ ቤት መለስ ብሎ ማየት ይበቃል። ቅኔ ሊማር የመጣ ተማሪ የግእዙን ግስና አገባብ ይይዛል፤ የመምህሩን መንገድ ይሰማል፤ ከዚያ ለብቻው ወደ ጥግ ወይም ወደ ዛፍ ሥር ሄዶ ቅኔውን ይቆጥራል። ባለ 2 ቤት ከሆነው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እየቆየ ባለ 8 ቤት ወደሆነው መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን ይዞ መጥቶ ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ምሥጢሩ የላላበትን፣ አገባቡ የተሳሳተበትን፣ ቤት የጎደለበትን እያዩ ያርሙታል። ባዶ እጁን መጥቶ «የኔታ፣ ቅኔ ስጡኝ» የሚል ተማሪ የለም። ምክንያቱም መምህሩ ስለሚቆጡ ብቻ አይደለም፤ ያልቆጠረ ተማሪ እርማቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ስለሌለው ነው። «እዚህ ላይ ሰሙና ወርቁ አልገጠሙም» የሚለው እርማት ትርጉም የሚኖረው ሰምና ወርቅ ሊያጋጥም ለሞከረ ሰው ነው። ይህ ሥርዓት ከዩዝኔት በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል።

የዘመኑ የሥነ ልቦና ጥናትም ወደዚያው ያመለክታል። በ2009 ሊንዚ ሪችላንድ፣ ኔት ኮርኔልና ሊቼ ካኦ ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ጽሑፍ ከማንበባቸው በፊት ስለ ጽሑፉ ጥያቄ ለመመለስ የሞከሩ ሰዎች፣ የሞከሩት መልስ ስህተት ቢሆን እንኳ፣ ኋላ ላይ ትክክለኛውን መልስ ሳይሞክሩ ካነበቡት በተሻለ አስታውሰውታል። ያልተሳካ ሙከራ ለመልሱ ቦታ ያዘጋጃል ማለት ነው። ይህ ለዲቪ ብዙ ላይጠቅም ይችላል፤ ሙያ ለሚማር ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። ከሁሉ የከበደው ከጨዋነትም ከባህልም ጋር የተያያዘ አይደለም፤ ከማስረጃ የሚነሣ ነው። «ራሳችሁ መርምሩ» የሚለው ምክር በኮቪድ ጊዜ ምን እንዳመጣ አይተናል፤ ክትባትን የሚጠራጠር ሰው ሁሉ «የራሴን ምርምር አድርጌያለሁ» ይል ነበር። በ2023 መጨረሻ ኔቸር በተባለው ሳይንሳዊ መጽሔት ላይ የወጣ የኬቨን አስሌትና የባልደረቦቹ ጥናት ይህን በአምስት ሙከራዎች ፈትሾታል። ሰዎች አንድ የሐሰት ዜና እውነት መሆኑን እንዲያረጋግጡ ኢንተርኔት ላይ እንዲፈልጉ ሲደረግ፣ ካልፈለጉት ይልቅ ዜናውን ወደ ማመን አዘነበሉ። ከዚያ ቀደም በ2015 የዬል ዩኒቨርሲቲዎቹ ማቲው ፊሸር፣ ማሪል ጎዱና ፍራንክ ካይል ደግሞ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ሰዎች በራሳቸው ጭንቅላት ያላቸውን እውቀት አጋነው እንዲገምቱ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። ይህ ለእኔ ክርክር የሚመች ማስረጃ አይደለም። ፍለጋ ሚዛን ይሰጣል ስል ጥናቶቹ ፍለጋ ሚዛኑን ሊያዛባም ይችላል እያሉ ነው።

የአስሌትን ጥናት ቀረብ ብለን ስናይ ግን ምን ዓይነት ፍለጋ እንደሚያሳስት ራሱ ይነግረናል። የተሳሳቱት በተለይ ፍለጋቸው ጥራቱ ዝቅ ያለ መረጃ ያመጣላቸው ናቸው፤ ይህም የሚሆነው አንዱ መንገድ የዜናውን ርዕስ ወይም አድራሻ እንዳለ ገልብጦ መፈለግ ነው። የወሬውን ቃል ይዞ የፈለገ ሰው ያንኑ ቃል የሚደግሙ ገጾችን ያገኛል። ወሬውን በወሬ አረጋገጠ ማለት ነው። ድሮ አዋጅ ሲነገር «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ይባል ነበር፤ ያኔ ግን አዋጁ የወጣበት አንድ የታወቀ ምንጭ ነበር፤ ዛሬ ብዙው ሰው ያላየውን አዋጅ ነው የሚያሰማው። ስለዚህ ምርመራ ስንል ብዙ ገጽ ማገላበጥ ማለታችን አይደለም። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህን ነገር የመወሰን ሥልጣን ያለው ማን ነው? የጻፈውስ የት ነው?» የሚለው ነው። ለዲቪ የስቴት ዲፓርትመንት የዓመቱ መመሪያ ነው፤ ለመድኃኒት በሳጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት፣ ለግብር አዋጁና መመሪያው፣ ለሶፍትዌር የሠራው ድርጅት ሰነድ። መቶ የዩቲዩብ ቪዲዮ ከዚህ አንዱን አይተካም።

ባለሥልጣን በሌለበት ጉዳይስ? የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሳም ዋይንበርግና ሣራ ማክግሩ በ2017 ባወጡት ጥናት 10 የታሪክ ምሁራንን፣ 10 ሙያተኛ የመረጃ አጣሪዎችንና 25 የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ኮምፒዩተር ፊት አስቀምጠው የሚያደርጉትን ተከታተሉ። ከሰጧቸው ሥራዎች አንዱ የሁለት የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራትን ድረ ገጽ ማወዳደር ነበር። አንዱ የአገሪቱ ትልቁና ነባሩ የሙያ ማኅበር ነው፤ ሌላው በ2002 በአመለካከት ልዩነት ተገንጥሎ የወጣ ትንሽ ቡድን ነው፤ ስማቸውም ሆነ የገጻቸው መልክ ይመሳሰላል። አብዛኞቹ ተማሪዎች ትንሹን ይበልጥ ታማኝ ነው አሉ፤ ከምሁራኑም ግራ የተጋባ ነበር። ገጹን ከላይ እስከ ታች በጥንቃቄ አንብበዋል፤ አርማውን፣ የሳይንሳዊ ጽሑፍ መልኩን አይተዋል። መረጃ አጣሪዎቹ ግን ገጹን ወዲያው ትተውት ወጡ፤ ሌሎች ስለዚህ ማኅበር ምን ይላሉ ብለው ሌላ ገጽ ከፈቱ፤ በአጭር ጊዜም ማን ማን እንደሆነ ለዩ። ሰው ገበያ ላይ ስለ አንድ ነጋዴ ለማወቅ ነጋዴውን ራሱን አይጠይቅም፤ ጎረቤቱን ነው። የማያሳስተው ፍለጋ ይህ ነው፤ አጭር፣ ከምንጩ የሚጀምር፣ ተናጋሪውን ከሚናገረው ነገር በፊት የሚያጣራ።

ከዬል ጥናት የምወስደው ሌላ ትምህርት አለ፤ እሱም ከፍለጋ በኋላ ሰው መጠየቅ እንደማይቀር ነው። ፍለጋ ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ እንዲያስብ የሚያደርገው ሰው፣ የተረዳውን በሌሎች ፊት ሲያቀርብ ይገለጥበታል። «መመሪያውን እንዲህ ተረድቼዋለሁ፤ ተሳስቻለሁ?» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከራሱ መጋነን ይድናል። ስለዚህ የእኔ ክርክር «አትጠይቁ» ከሚለው ጋር አንድ አይደለም። ብቻውን የሚፈልግ ሰው በራሱ ፍለጋ ይሰክራል፤ ሳይፈልግ የሚጠይቅ ደግሞ የሌላ ሰው መልስ ይጥለዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የቋንቋ ነው፤ በዚህ ላይ ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ለእንግሊዝኛ አንባቢ «ፈልግ» ማለት ቀላል ነው። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ያሉት ጽሑፎች ወደ 15 ሺህ ገደማ ናቸው፤ የእንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን በላይ ነው። ለአማርኛ አንባቢ የቴሌግራም ግሩፕ ብዙ ጊዜ መዝናኛ አይደለም፤ ያለው ቤተ መጻሕፍት እሱ ነው። የዲቪን የዓመቱ መመሪያ አንብቦ የሚረዳ እንግሊዝኛ የሌለውን ሰው «መጀመሪያ አንብብ» ማለት በሩን በፊቱ መዝጋት ነው። የትርጉም መሣሪያዎች ይረዳሉ፤ ሕጋዊ ቃል ላይ ሲደርሱ ግን ሊያሳስቱ ይችላሉ። እንግዲህ ምን ይደረግ? ለእኔ መውጫው ጥያቄውን መለወጥ ነው። «ፓስፖርት ያስፈልጋል ወይ?» ከሚል ይልቅ «ይህ የተጻፈበት የዘንድሮው መመሪያ የት ነው ያለው? ስለ ፓስፖርት የሚናገረውን ቦታ አሳዩኝና በአማርኛ አንብቡልኝ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ይህም ምርመራ ነው። መልስ የሚለምን ሰው ማንንም ያገኛል፤ ምንጭ የሚለምን ሰው ግን ምንጩን የያዘውን ብቻ ነው የሚያገኘው፤ ነጋዴውና ጉረኛው በራሳቸው ይወድቃሉ። የተነበበለትንም ሌላ ሰው ካነበበለት ጋር ማስተያየት ይችላል።

መልስን ሳይመዝኑ የመቀበል ዋጋ ቀላል አለመሆኑን ከዲቪው እንመልከት። በአንድ ወቅት ከአንድ በላይ የሞላ ሰው ከነጭራሹ ይሰረዛል፤ የሞላውን መልሶ ማረም አይቻልም። ያገባ ሰው የትዳር ጓደኛውን ሳያስገባ ቢቀር ዕጣው ወጥቶለት ቃለ መጠይቅ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ይህ ሁሉ በመመሪያው ውስጥ ተጽፏል። መመሪያው ያለ «አማካሪ» ራሳችሁ ሙሉ፣ የማረጋገጫ ቁጥራችሁን ያዙ ብሎም ይመክራል፤ ምክንያቱም ቁጥሩን ይዞ ውጤት ሲወጣ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው አለ። መሙላቱ ለብዙ ዓመታት በነጻ ነበር፤ በሴፕቴምበር 2025 የ1 ዶላር ክፍያ የሚጥል ደንብ ወጣ። «ነጻ ነው» ብሎ የሚመልስ ቅን ሰው ከዚያ ወዲህ ሊሳሳት ይችላል፤ «ክፍያ አለው» ብሎ 500 ብር የሚጠይቅ አጭበርባሪ ደግሞ ግማሽ እውነት አግኝቷል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ሰው የሚጠይቀው መረጃ ፈልጎ ብቻ አይደለም የሚል ነው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል፤ ሰው ሲጨንቀው ከሰው ጋር መሆን ይፈልጋል፤ «ፈልገህ ና» የሚል መልስ ደግሞ እንደ ግፍ ይሰማል። ይህ እውነት ነው፤ የሶፍትዌር መንደሮችም በዚህ ይታማሉ፤ የፍለጋ ጥረት የሚለውን ደንብ ጀማሪን ለማዋረድ የተጠቀሙበት ሞልተዋል። ደግሞም ምርመራ የማይጠየቅበት ጊዜ አለ። ልጁ መርዝ የጠጣበት ሰው፣ ሪያድ ውስጥ ፓስፖርቷ ተይዞ ደመወዟ የተከለከለ እህት «መጀመሪያ ምን አነበብሽ?» አይባሉም። እዚያ ላይ መጀመሪያ ስልክ፣ መጀመሪያ ሰው፣ መጀመሪያ ኤምባሲ ነው። ሚዛን የሚያስፈልገው ለመመዘን ጊዜ ላለው ነው፤ ከምንጠይቃቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹ ደግሞ ጊዜ አላቸው። የዲቪ ወቅት ራሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወር ይቆያል፤ መመሪያው ለማንበብ አንድ ምሽት አይፈጅም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጠያቂ ነው፤ መላሹም ግን ከዕዳ ነጻ አይደለም። የፓስፖርቱ ጥያቄ የተበላሸው ጠያቂዋ ስላላነበበች ብቻ ሳይሆን፣ መላሾቹ የሚያውቁት ነገር መቼ እውነት እንደነበረ ስላልተናገሩ ነው። ቴሌግራም ላይ የተጻፈ መልስ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ፈልጎ የሚያገኘው ሰው ደግሞ ልክ እንደተመከረው የፈለገ ሰው ነው፤ ቀኑን ሳያይ ያነበበው መልስ ይጥለዋል። ስለዚህ አንባቢዬ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ለማታውቁት ሰው ስትመልሱ ሦስት ነገር ጨምሩ፤ ያወቃችሁት ከየት እንደሆነ፣ በየትኛው ዓመት እንደሆነ፣ ዓመቱም የእኛ ይሁን የፈረንጅ።